3 ለ 1 ተሸንፎ የመጣ ቡድን ያልፋል ወይ?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከአዲስ አበባ ዳር የተላኩ ናቸው፤ ከለገጣፎ፣ ከቡራዩ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከሱሉልታ፣ ከሰበታ፣ ከሰንዳፋ፣ ከኮዬ ፈጬ። የሁሉም ጉዳይ አንድ ነው፤ የመልስ ጨዋታ፣ ማለትም ሁለት ቡድኖች በየሜዳቸው አንድ አንድ ጊዜ ተጫውተው በጎል ድምር ሲለዩ ሁለተኛው ጨዋታ። የክለቦቹን ስም ከጥያቄዎቹ ውስጥ ሆን ብለን አውጥተናል። ስም ካለ መልሱን የሚያነብ የለም፤ የማን ደጋፊ እንደሆንን ነው የሚታደነው።

ጥያቄ (ለገጣፎ)፦ ኳስ የምናይበት ዲኤስቲቪ ቤት ለሁለት ተከፍሏል። ቡድናችን ከሜዳው ውጭ 3 ለ 1 ተሸንፏል። ግማሹ ሰው «አለቀ፣ ደቀቀ» ይላል። ሌላው «በሜዳችን እንገለብጠዋለን፤ ባርሴሎና አራት ጎል ገልብጦ የለ!» ይላል። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ ሁለቱም አጋነዋል። ቡድናችሁ በሜዳው በአማካይ 1.8 ጎል ያገባል፣ እንግዳው ደግሞ በእናንተ ሜዳ 0.9 ያገባል ብለን እንነሳ። ይህ ለጠንካራ ባለሜዳ የሚሰጥ ግምት ነው። ጎል ለመገመት በተለመደው የፖይሰን ቀመር ሲሰላ፣ ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሰዓት ከሄደ ደግሞ ዕድሉን እኩል ስናካፍል፣ በመጀመሪያው ጨዋታ በአንድ ጎል ልዩነት የተሸነፈ ቡድን የማለፍ ዕድሉ 46 በመቶ ገደማ ነው። በሁለት ጎል ከሆነ 25 በመቶ፣ በሦስት 11፣ በአራት 4። የእናንተ 3 ለ 1 የሁለት ጎል ልዩነት ስለሆነ ከአራት አንዱ ዕድል የእናንተ ነው። «አለቀ» የሚለው ሰው አንዱን ረስቷል፤ «እንገለብጠዋለን» የሚለው ደግሞ ሦስቱን።

ክርክሩ የሚጣፍጠው ግን ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ነው፤ ቁጥሩ በየደቂቃው ይለዋወጣል። በዚያው ግምት፣ 30 ደቂቃ 0 ለ 0 ካለፈ 25 የነበረው ወደ 15 ይወርዳል። እስከ ዕረፍት ጎል ካልገባ ወደ 10። በ30ኛው ደቂቃ ካገባችሁ 37 ይሆናል፤ በዚያው ደቂቃ ከተቆጠረባችሁ ግን 5 ብቻ ይቀራል። አንድ ጎል ማግባት ዕድሉን ከእጥፍ በላይ ያሳድገዋል፣ አንድ ጎል መቀበል ወደ ሲሶ ያወርደዋል። ዕረፍት ላይ 1 ለ 0 እየመራችሁ ከሆነ 31 በመቶ ነው፤ ከጨዋታው በፊት ከነበረው ይበልጣል፣ ስለዚህ «አንድ ብቻ አግብተን ወጣን» ብሎ የሚያማርረውን ሰው አረጋጉት። በእውነተኛው ጨዋታ ከዕረፍት በኋላ የሚገቡት ጎሎች በፊት ከሚገቡት ስለሚበዙ፣ የዕረፍቱን ቁጥር ትንሽ ከፍ ብታደርጉት አይከፋም።

የባርሴሎናን 6 ለ 1 የሚጠቅስ ሰው ደቂቃውንም አብሮ ይጥቀስ። በ2017 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ 4 ለ 0 ተሸንፎ የመጣው ባርሴሎና የመጀመሪያውን ያገባው በ3ኛው ደቂቃ ነው፤ ሱዋሬዝ። በ2018 ሮማ 4 ለ 1 ተሸንፎ ባርሴሎናን 3 ለ 0 ሲጥለው ጄኮ በ6ኛው ደቂቃ ጀመረው። በ2019 ሊቨርፑል 3 ለ 0 ተሸንፎ 4 ለ 0 ሲያሸንፍ ኦሪጊ በ7ኛው አገባ፤ ያውም ሳላህና ፊርሚኖ ሳይኖሩ። በ2004 ዴፖርቲቮ ላ ኮሩኛ ከኤሲ ሚላን ጋር 4 ለ 1 ተሸንፎ 4 ለ 0 ሲመልስ ፓንዲያኒ በ5ኛው። አራቱም በሜዳቸው ነው፣ አራቱም 10 ደቂቃ ሳይሞላ አግብተዋል፣ ከአራቱ ሦስቱ አንድም ጎል አልተቆጠረባቸውም። ስለዚህ ቡድናችሁ ሲገባ መጀመሪያ የምታዩት ስንት አጥቂ እንደተሰለፈ ሳይሆን፣ በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ኳስ የሚነጠቀው በየትኛው የሜዳ ክፍል እንደሆነ ይሁን። ከዚህ መስመር የወጣው ቶተንሃም ነው፤ በ2019 አያክስ ሜዳ ላይ ዕረፍት የወጣው 2 ለ 0፣ በድምር 3 ለ 0 እየተመራ ሲሆን፣ ሉካስ ሞራ ከዕረፍት መልስ ሦስት አግብቶ በ96ኛው ደቂቃ አሳለፈው። ይህን ዕቅድ አድርጎ የሚገባ አሠልጣኝ ግን የለም።

1.8 እና 0.9 ለእናንተ ቡድን ልክ ላይሆን ይችላል። የራሳችሁን ለማውጣት፣ ቡድናችሁ በመጨረሻዎቹ 10 የሜዳው ጨዋታዎች ያገባውንና ተጋጣሚው በመጨረሻዎቹ 10 የውጭ ጨዋታዎች የተቆጠረበትን ደምራችሁ ለ20 አካፍሉ። ለተጋጣሚው ጎልም እንዲሁ። ብዙ ጊዜ ስሌቱን የሚያበላሸው ከወራጅ ቀጠና ቡድን ጋር 6 ለ 0 ያለቀ ጨዋታ ነው፤ ከ3 በላይ የሆነውን ሁሉ 3 ብላችሁ ቁጠሩት። ከዚያ የማይሰለፉትን እዩ። በቻምፒየንስ ሊግ 3 ቢጫ ያየ ተጫዋች አንድ ጨዋታ ይቀጣል፣ ቢጫው የሚሰረዘው ሩብ ፍጻሜው ካለቀ በኋላ ነው። ለሚመራ ቡድን አጥቂ ቢቀጣበት ብዙም አይጎዳውም። ለተሸነፈ ቡድን ግን የተከላካይ አማካዩ ከተቀጣ መልሶ ማጥቃትን የሚያቆምለት ሰው የለም፤ ያኔ 0.9 ወደ 1.3 ቢጠጋ አይግረማችሁ።

ጥያቄ (ቡራዩ)፦ አባቴ «ኢትዮጵያ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፋ በ2 ለ 0 አልፋለች፤ ከሜዳ ውጭ የገባ ጎል ሁለት ነው» ይላል። እኔ ሕጉ ተሰርዟል እላለሁ። አስታርቁን።

መልስ፦ ስለ ሱዳኑ ጨዋታ አባትዎ አልተሳሳቱም። በጳጉሜን 2004 ዓ.ም. እዚያ 5 ለ 3፣ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰኢድ ጎሎች 2 ለ 0። ድምሩ 5 ለ 5 ሆኖ፣ ዋልያዎቹ ከሜዳቸው ውጭ ባገቡት 3 ጎል ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሱ። ከዚያ በፊት በነበረው ዙር ቤኒንንም የጣሉት በዚሁ ሕግ ነው፤ እዚህ 0 ለ 0፣ እዚያ 1 ለ 1።

«ጎሉ ሁለት ነው» የሚባለው ግን ብዙ ሰው ያሳስታል። ጎሉ በእጥፍ አይደመርም። ድምሩ እኩል ሲሆን ብቻ ነው ከሜዳ ውጭ የገባው የሚታየው። ከ5 ለ 3 በኋላ 2 ለ 0፣ 3 ለ 1 ወይም 4 ለ 2 ማሸነፍ ሁሉም ያሳልፍ ነበር፤ 5 ለ 3 ቢሆን ብቻ ከሜዳ ውጭ የገባውም ጎል እኩል ይሆን ነበር። ስለዚህ ያ ሽንፈት ከ2 ለ 0 ሽንፈት ጋር አንድ አልነበረም።

እርስዎም አልተሳሳቱም። የአውሮፓው ዩኤፋ ሕጉን በሰኔ ወር 2021 እ.ኤ.አ. አንስቶታል። አሁን ድምሩ እኩል ከሆነ ጎሉ የትም ይግባ የት 30 ደቂቃ፣ ከዚያ መለያ ምት ነው። በካፍ ውድድሮች ግን ሕጉ ሠርቷል። በሚያዝያ ወር 2025 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ ቻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ማሜሎዲ ሰንዳውንስና አል አህሊ ፕሪቶሪያ ላይ 0 ለ 0፣ ካይሮ ላይ 1 ለ 1 ተለያይተው ሰንዳውንስ አለፈ። አል አህሊ ሳይሸነፍ ወደቀ። ለሰፈር ዋንጫ ደግሞ የሚሠራው አዘጋጁ የጻፈው ደንብ ነው፤ ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ።

በሜዳው ተሸንፎ መልሱን ውጭ የሚጫወት ቡድን ጉዳይ ሌላ ነው። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ እዚሁ በናይጄሪያ 2 ለ 1 ተሸንፈን በኅዳር ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተደገምን። ልዩነቱ አንድ ጎል ብቻ ነበር፤ ግን 46 በመቶ ያልነው ለባለሜዳ ነው እንጂ ለእንግዳ አይደለም።

ጥያቄ (ቱሉ ዲምቱ)፦ የሰፈራችንን ቡድን አሠለጥናለሁ። በግማሽ ፍጻሜው በነሱ ሜዳ 2 ለ 0 ተሸነፍን። መልሱ በስምንተኛው ቀን፣ 10 ሰዓት ላይ፣ በእኛ ኮረኮንች ሜዳ ነው። ከተጫዋቾቼ ብዙዎቹ ጾመኞች ናቸው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከሩጫ አይጀምሩ። በአንድ ሳምንት ትንፋሽ አይጨምርም፤ የሚጨምረው ድካም ነው። ብዙ የሰፈር አሠልጣኝ ከሽንፈት በኋላ ልጆቹን ለቅጣት ዳገት ያስሮጣቸዋል፣ እነሱም የመልሱን ጨዋታ በደነዘዘ እግር ይጀምራሉ።

የመጀመሪያው ቀን ዕረፍት ይሁን። በሁለተኛው ሰብስበዋቸው ሁለቱ ጎሎች እንዴት እንደገቡ ብቻ ይነጋገሩ። ከመሀል ሜዳ ኳስ ተነጥቆ ነው? ከቆመ ኳስ ነው? በረኛው ወጥቶ ስቶ ነው? ለእያንዳንዱ መልስ አንድ ማስተካከያ ይበቃል፤ አምስት ነገር ካዘዟቸው አንዱንም አይዙም። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን 70 ደቂቃ ይሥሩ፣ ከዚያ ውስጥ 25ቱን ለማዕዘን ምትና ለቅጣት ምት ያውሉ። ኮረኮንች ላይ ኳስ እየነጠረ ቅብብሉ ስለሚበላሽ፣ በሰፈር ጨዋታ የቆመ ኳስ ትልቅ የጎል ዕድል ነው። ሁለት ዓይነት የማዕዘን ምት ብቻ ያስጠኗቸው፤ አንዱ ወደ ቅርቡ ቋሚ፣ ሌላው ወደ ፍጹም ቅጣት ምቱ ነጥብ። እያንዳንዱን 12 ጊዜ ይድገሙ፣ መቺው አንድ ሰው ይሁን። በአምስተኛው ቀን በጠበበ ሜዳ 6 ለ 6 አጫውቱ፤ 4 ደቂቃ ጨዋታ፣ 2 ደቂቃ ዕረፍት፣ አምስት ዙር። ኳስ ያጣ ቡድን በ5 ሰከንድ ውስጥ መልሶ ለመንጠቅ ይሩጥ፤ ካልነጠቀ ወደ ኋላ ይሰብሰብ። በስድስተኛው 40 ደቂቃ ቀለል ያለ ልምምድ፣ መጨረሻው ላይ ልጆቹ ደክሟቸው ሳለ ፍጹም ቅጣት ምት። ሰባተኛው ዕረፍት። በብዙ የሰፈር ውድድር ተጨማሪ 30 ደቂቃ ሳይኖር በቀጥታ ወደ መለያ ምት ይገባል፤ ስለዚህ አምስቱን መቺዎች ብቻ ሳይሆን ሰባተኛውንም አስቀድመው ይወስኑ።

በጨዋታው ቀን የመጀመሪያውን 15 ደቂቃ ከፍ ብለው ይጫኑ። ካልገባ ዝቅ ይበሉ፤ ይህ ለተመልካች አይጥምም፣ ይጮሁብዎታል፣ ግን ሂሳቡ ያስኬዳል። ሁለት ጎል ለመመለስ በየ45 ደቂቃው አንድ ይበቃል። እስከ 60ኛው ደቂቃ 0 ለ 0 ቢሆን እንኳ የሚጎድለው ሁለት ጎል ነው፤ አንድ ጎል ቢቆጠርብዎ ግን ሦስት ይሆናል። በ60ኛው ደቂቃ ሁለት ትኩስ የመስመር ተጫዋቾች ያስገቡ። የማዕዘን ምት ሲያገኙ ሁለት ተከላካይ መሀል ሜዳ፣ አንድ አማካይ ከፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ጫፍ ላይ ይቁሙ። ሁሉም ወደ ጎል ሲግተለተል የነሱ አንድ ረጅም ኳስ ጨዋታውን ይጨርሰዋል፤ የተሸነፈ ቡድን ሦስተኛውን ከራሱ የማዕዘን ምት ሊቀበል ይችላል።

ኳሱን ራስዎ ይምረጡ፣ ባለሜዳ ነዎትና። ሕጉ ከ0.6 እስከ 1.1 አትሞስፌር ግፊት ይፈቅዳል፤ ኮረኮንች ላይ ወደ ታችኛው ያስጠጉት። መለኪያ ከሌለ፣ በሁለት አውራ ጣት ሲጫኑት ትንሽ የሚሰረጉድ ይሁን። በጣም የተነፋ ኳስ ጠጠር ሲነካ የት እንደሚሄድ አይታወቅም፣ ያ ደግሞ የሚጠቅመው ለሚከላከል ቡድን ነው። ዕጣው ከወጣልዎ ጎል ይምረጡ፤ ንፋሱ ከጀርባችሁ የሚሆንበትን ለመጀመሪያው አጋማሽ፣ ምክንያቱም የበጋ ንፋስ ወደ 12 ሰዓት ሲጠጋ ይበርዳል። ሜዳው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ከሆነ ደግሞ ከፀሐይዋ ይነሱ፤ ከዕረፍት በኋላ የነሱ በረኛ ምዕራብን እያየ እንዲቆም ያድርጉ። 11 ሰዓት ተኩል ላይ የመጣ ከፍ ያለ ኳስ አይታየውም።

ስለ ጾሙ፦ እስከ 9 ሰዓት ቆይቶ ሽሮ በእንጀራ በልቶ 10 ሰዓት ሜዳ የገባ ልጅ በ20ኛው ደቂቃ ጎኑን ይዞ ይቆማል፤ ምግቡ ገና አልተፈጨም። በ9 ሰዓት አንድ ብርጭቆ በሶ፣ አንድ ወይም ሁለት ሙዝና ግማሽ ሊትር ውሃ ቀስ ብሎ ይጠጣ፤ ማዕዱ ከጨዋታ በኋላ ይደርሳል። ሮመዳን የሚጾሙት ግን ውሃም ስለማይቀምሱ ሙሉ ጨዋታ አይጠብቁባቸው፤ ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ ያስገቧቸው። ሁለቱ ወገኖች ከተስማሙ ጨዋታውን ጠዋት 1 ሰዓት ማድረግ ከሁሉም ይሻላል።

ጥያቄ (ሱሉልታ)፦ መልሱን የሚመጡብን የቢሾፍቱ ልጆች ናቸው። ከፍታችን ይጥላቸዋል?

መልስ፦ ብዙም አይጠብቁ። ልዩነቱ ከ500 ሜትር በላይ ቢሆንም የቢሾፍቱ ልጅ ራሱ ከ1,900 ሜትር ላይ ያደገ ነው። ከፍታ የሚጥለው ከ400 ሜትር በታች ካለ እንደ ካርቱም ካለ ከተማ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ የሚመጣን ነው። እሱም የሚቸገረው ከሁለት ሩጫ መሀል ትንፋሹ ቶሎ ስለማይመለስለት ነው፣ ድካሙም እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ሁለቱም ጎሎች የገቡት ከዕረፍት መልስ ነበር። አየሩ ስለሚሳሳ ረጅም ኳስ ከጠበቁት በላይ ይሄዳል፤ ከሩቅ መምታት የተሻለ ዋጋ አለው፣ የእንግዳ በረኛ መውጫ ሰዓቱን ይስታል። ብሔራዊ ቡድናችን ይህን ጥቅም በቅርብ ዓመታት አጥቶት ቆይቷል፤ በካፍ የጸደቀ ስታዲየም ባለመኖሩ «የሜዳው» ጨዋታ ሰው አገር ነበር።

ጥያቄ (ሰበታ)፦ የሚመራው ቡድን በረኛ ኳስ አቅፎ ሲተኛ ዳኛው ምን ማድረግ ይችላል?

መልስ፦ ከ2025/26 የውድድር ዘመን ጀምሮ በረኛ ኳስ በእጁ ከ8 ሰከንድ በላይ ከያዘ ለተጋጣሚው የማዕዘን ምት ይሰጣል። ዳኛው የመጨረሻዎቹን 5 ሰከንዶች እጁን አንሥቶ በጣቱ ይቆጥራል። ቆጠራው የሚጀምረው በረኛው ኳሱን በሚገባ ሲቆጣጠርና የሚያውከው ተጫዋች ከፊቱ ሲርቅ ነው፤ አጥቂያችሁ ከፊቱ ቆሞ እየዘለለ «ቁጠርበት!» ቢል አይቆጠርበትም።

ጥያቄ (ሰንዳፋ)፦ ቡድኔ በመጀመሪያው 1 ለ 0 ተሸንፎ ነበር። በመልሱ ባለሜዳ ያሸንፋል ብዬ የውርርድ ትኬት ቆረጥኩ። 1 ለ 0 አሸንፎ በመለያ ምት ወደቀ። ትኬቱን ቀድጄ ጣልኩት፤ ጓደኛዬ ግን ደርሶልህ ነበር ይለኛል።

መልስ፦ ጓደኛዎ ልክ ነው፤ እናዝናለን። «ያሸንፋል» የሚለው የሚዘጋው በ90 ደቂቃውና በባከነው ሰዓት ነው፤ ተጨማሪው 30 ደቂቃና መለያ ምቱ አይቆጠሩም። «ያልፋል» የሚለው ሌላ ምርጫ ነው። ወደ ኋላ የቀረ ቡድን ጨዋታውን ወደ ተጨማሪ ሰዓት ካደረሰ የግድ በ90 ደቂቃ አሸንፏል ማለት ስለሆነ፣ ቢወድቅም የመጀመሪያው ትኬት ይሠራል። ኦዱን፣ ማለትም ከምርጫው አጠገብ የተጻፈውን ቁጥር፣ ወደ ዕድል ለመቀየር 1ን ለኦዱ ያካፍሉ፤ «ያልፋል» 4.00 ከተባለ 25 በመቶ ነው። የውርርድ ቤቱ የራሱን ስለሚቀንስ እውነተኛው ከዚያም ትንሽ ያንሳል።

ጥያቄ (ኮዬ ፈጬ)፦ ዲኤስቲቪ ቤት አለኝ። ባለፈው መብራት ሲሄድ ሰው ገንዘቡን መልስ አለኝ። የመልሱ ጨዋታ ስንት ሰዓት ያልቃል? ባትሪስ ስንት ይበቃል?

መልስ፦ የቻምፒየንስ ሊግ የማታ ጨዋታ በየካቲትና በመጋቢት መጀመሪያ በእኛ ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። አውሮፓ በማርች የመጨረሻ እሑድ ሰዓቱን ስለሚቀይር፣ በሩብና በግማሽ ፍጻሜው 4 ሰዓት ይሆናል፤ በየዓመቱ አንድ ሰዓት ዘግይቶ የሚመጣ ደንበኛ አይጠፋም። በ4 ሰዓት የጀመረ ጨዋታ 6 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ያልቃል። ተጨማሪ ሰዓትና መለያ ምት ካለ ወደ 7 ሰዓት ይጠጋል፤ ያን ሰዓት ታክሲ ስለሌለ ራቅ ያለ ደንበኛ ካለዎት አስቀድመው ይንገሩት።

ለኃይሉ፣ 55 ኢንች ቴሌቪዥን 120 ዋት ገደማ፣ ዲኮደሩ 20 ዋት፣ አንድ አምፖል 10 ዋት፤ ድምሩ 150። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። የመኪና ዓይነት የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ካወረዱት ዕድሜው ስለሚያጥር 600 ይቁጠሩ፤ ኢንቨርተሩ 15 በመቶ ሲበላ 510 ይቀራል። ለ150 ዋት ወደ 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይበቃል፣ መለያ ምቱንም ያሳያል። ሁለተኛ ቴሌቪዥን ወይም የቡና ማሽን ከዚያው ላይ አይሰኩ። ዲኮደሩ ኃይል አጥቶ ሲነሣ ምስል ለማምጣት ደቂቃዎች ስለሚፈጅ፣ ቴሌቪዥኑ ቢጠፋ እንኳ እሱ ሁልጊዜ ከኢንቨርተሩ ጋር ይቆይ። ጄኔሬተር ከሆነ ጭሱ ወደ ቤቱ በማይገባበት በውጭ ይቀመጥ፤ በር የተዘጋበት በሰው የተሞላ ክፍል አጠገብ ሞተር ማስነሣት ይገድላል። መብራት ሳይሄድ ምስሉ የሚቆራረጠው በበልግ ዝናብ ከሆነ ግን ባትሪ አይረዳም። የሳህኑን ብሎኖች ያጥብቁ፣ አቅጣጫውንም ባለሙያ ጠርተው በጠራ ቀን ያስተካክሉ።